የአያትዎን ጠገራ ብር ሳያቀልጡት አንገትዎ ላይ ያድርጉት

ለበዓል እብናት ደርሰው ሲመለሱ፣ አያትዎ ከሣጥናቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ጠገራ ብር አውጥተው «ያዥው» ብለውዎት ይሆናል። አዲስ አበባ ሲገቡ መጀመሪያ የሚመጣልዎት ሐሳብ አንጥረኛ ጋ ወስዶ ቀለበት ማሠራት ነው።

እባክዎ ትንሽ ይታገሡ። እኛ ቤት ሁለት ነበሩ። አንዱን እናቴ አስቀለጠችው፤ ቀለበቱ ያምራል፣ ግን ከሱቅ ከተገዛ ቀለበት የሚለየው ነገር የለም። ሁለተኛውን እኔ በጨሌ ከብቤ አንገቴ ላይ አደርገዋለሁ። ልጄ «ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?» ብላ የጠየቀችኝም በእሱ ምክንያት ነው።

ሴትዮዋ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት። የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተመቱትም ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዘው ወጥተዋል። ስለዚህ ቁጥሩን አይተው ዕድሜውን ማወቅ አይችሉም። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። የአገራችን አንጥረኞች መስቀሉንም ድሪውንም ከእሱ እያቀለጡ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ማቅለጡ ነውር አይደለም። ያኔ ግን ጠገራ ብር በየገበያው ነበር። እርስዎ ያለዎት አንድ ነው። አይብሱትም።

ጥቃቅን ጨሌ፣ ቀጭን መርፌና የናይሎን ክር ይያዙ። (ጨሌ ሲባል ዛር ትዝ የሚላቸው አክስት ካሉ «ዶቃ» ይበሉት።) በብሩ ጠርዝ ዙሪያ ልክ የሚሆን ጨሌ ሰክተው ይቋጥሩ፤ ብዛቱ ለሁለት እኩል የሚካፈል ይሁን። ከዚያ አንድ ጨሌ ይጨምሩ፣ ከቀለበቱ አንዱን ዘለው መርፌውን በሚቀጥለው ያሳልፉ፤ እንዲሁ እያሉ ይዙሩ። ጀማሪ የሚሳሳተው ዙሩ ሲያልቅ ነው፦ መርፌውን በዚያው ዙር መጀመሪያ በጨመሩት ጨሌ በኩል ካላወጡት የሚቀጥለው ይጣመማል። ሁለት ሦስት ዙር ከሄዱ በኋላ አነስ ባለ ጨሌ ክሩን ጠበቅ አድርገው ይሳቡ፤ ሽመናው ራሱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ብሩን ያስገቡና በሌላው ፊት ይድገሙት።

ማንጠልጠያው 0.8 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ነው። ሽቦውን በትልቅ ዶቃ ውስጥ አሳልፈው በሁለቱም ጫፍ በጉጠት ዓይን ያውጡለት፤ አንዱን ዓይን በሌላው እያያያዙ ሰንሰለት ይሥሩ። ዓይኑን አጥፎ መተው አይበቃም፤ 28 ግራም እየጎተተ ይከፍተዋል። የተረፈውን ሽቦ ከዓይኑ ሥር ሦስት ጊዜ ይጠምጥሙና ጫፉን ወደ ውስጥ ይጫኑት፣ የታቀፉትን ሕፃን ጉንጭ እንዳይቧጭር። የመጨረሻውን ዓይን ከጨሌው ክበብ ጋር በክር አራት አምስት ጊዜ አመላልሰው ይስፉ። መዳብ ሲያልብዎት አንገት አረንጓዴ ያደርጋል፤ ካልወደዱት የብር ሽቦ ይግዙ።

ሲሰለችዎ ክሩን በመቀስ ይቁረጡት፤ ጠገራ ብሩ አያትዎ እንደሰጡዎት ሆኖ ይወጣል። ልጄ ከወዲሁ ጨሌው በአረንጓዴ ይቀየር እያለች ነው። እኔ ቀዩን ነው የምወደው።