ከማዞሪያው ማዶ የሚመልስ ድምፅ

በቀድሞው ዘመን ስልክ ያነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው የማዞሪያውን ሠራተኛ ነበረ፤ ሠራተኛዋም የሚፈለገውን ሰው ጠይቃ መስመሩን በእጅዋ ታገናኝ ነበር። ዛሬ ግን ወደ ባንክ ወይም ወደ ሐኪም ቤት የሚደውል ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው የተቀረጸ ድምፅ ነው። ድምፁም ይህን ወይም ያን ቍልፍ ይጫኑ እያለ ያዛል። ልጆች ትእዛዙን ሳያስቡበት ይፈጽሙታል፤ በዕድሜ ከገፉት አንዳንዶቹ ግን ለሰላምታው አጸፋውን ሲመልሱና የቤተ ሰቡን ደኅንነት ሲጠይቁ የተሰጣቸው ጊዜ ያልፍባቸዋል። ስለዚህ ይህ ድምፅ ከወዴት እንደሚመጣ፥ ከስልኩም ጋራ በምን መንገድ እንደሚገናኝ፥ ለቤተ ሰብም ምን ጥቅምና ምን ጕዳት እንዳለው ለክቡራን አንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንገልጽ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

መኪና በስልክ ለሰው መናገር ከጀመረ ብዙ ዘመን ነው። በፓሪስ ከተማ ያለው የከዋክብት መመልከቻ ቤት፥ ሰዓቱ ስንት እንደ ኾነ በሚጠይቁ ሰዎች ጥሪ መስመሩ ስለ ተጨናነቀበት፥ አለቃው ኤርኔስት ኤስክላንጎን ሰዓትን በተቀረጸ ድምፅ የሚናገር መኪና አሠራ። መኪናው በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1933 ሥራውን ሲጀምር በዚያው ቀን 140 ሺሕ ያህል ጥሪ መጣ፤ መልስ ያገኘው ግን 20 ሺሕ ያህሉ ብቻ ነበረ። ኾኖም ይህ መኪና ይናገራል እንጂ የደዋዩን ፈቃድ አይሰማም ነበር።

መስማት የተቻለው ባለ ቍልፍ ስልክ ከተሠራ በኋላ ነው። በሚዞረው ስልክ የሚሰጠው ምት ለማዞሪያው ብቻ የታሰበ ስለ ነበረ ከዚያ ወዲያ የሚዘልቅ አልነበረም። በ1963 በአሜሪካ ለሕዝብ የቀረበው ባለ ቍልፍ ስልክ ግን ለእያንዳንዱ ቍልፍ ሁለት ድምፅ ባንድነት ያሰማል። 5ን የተጫኑ እንደ ኾነ፥ አንደኛው በሴኮንድ 770 ጊዜ፥ ሁለተኛው 1336 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይወጣል። ይህም እንደ ሰው ቃል በመስመሩ አልፎ እስከ ዳር ስለሚደርስ፥ በዚያ ያለው መኪና ደዋዩ የመረጠውን ለይቶ ያውቃል።

ከዚህ ወዲያ የቀረው ሥራ ማገናኘት ነው። ማዞሪያው ጥሪን ተቀብሎ ማስተላለፍን ያውቃል እንጂ የስንዴን በሽታ ወይም የሰውን ሒሳብ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው ከማዞሪያው ውጭ፥ ብዙ ጊዜም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ነገሩን በቤተ መንግሥት ሥርዓት ብንመስለው፥ ማዞሪያው እንደ አጋፋሪ፥ ፕሮግራሙም በእልፍኝ እንደ ተቀመጠው ጌታ ነው። አጋፋሪው የመጣው ማን እንደ ኾነ ያስታውቃል፤ ከውስጥ የታዘዘውንም ወጥቶ ይፈጽማል።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። ማርክ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ በ1999 የጀመረው፥ ማንም ሰው ያለ ዋጋ ወስዶ ሊሠራበት የሚችል አስቴሪስክ የሚሉት የማዞሪያ ፕሮግራም አለ፤ ስሙም በስልክ ቍልፍ ላይ ያለው የኮከብ ምልክት ስም ነው። አስቴሪስክ ጥሪ ሲደርሰው ወደ ውጭው ፕሮግራም መንገድ ይከፍትና የደዋዩን ቍጥር፥ የተደወለበትን ቍጥር፥ ሌላውንም ጕዳይ በየመስመሩ ጽፎ ይልካል፤ መጨረሱንም በባዶ መስመር ያስታውቃል። ከዚያ ወዲያ አዛዡ ፕሮግራሙ ነው። ጥሪውን ተቀበል፥ ይህን ድምፅ አሰማ፥ ቍልፍ እስኪጫን ጠብቅ፥ መስመሩን ዝጋ እያለ ትእዛዙን አንድ በአንድ ይሰጣል፤ ማዞሪያውም እያንዳንዱን ከፈጸመ በኋላ ውጤቱን ይመልስለታል። ሁለቱ ባንድ ኮምፒዩተር ላይ ቢኾኑ ወይም በተለያየ ከተማ ቢቀመጡ ደዋዩ ልዩነቱን አያውቀውም። እንዲህ ተለያይተው መሠራታቸው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ማዞሪያውን የስልክ ባለሙያ ሲጠብቀው፥ መልሱን ደግሞ የነገሩ ዐዋቂ ማዞሪያውን ሳይነካ ሊያርመው ይችላልና።

ለዚህ ባገራችን መልካም ምስክር የሚኾነው 8028 የተባለው የገበሬዎች የስልክ መስመር ነው። ይህን መስመር በ2014 ያቋቋመው፥ ኋላ ኢንስቲትዩት የተባለው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ነው፤ በሥራውም የግብርና ሚኒስቴር፥ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ኢትዮ ቴሌኮም ተባብረውታል። ገበሬው ያለ ክፍያ ደውሎ፥ ቋንቋውን በቍልፍ መርጦ፥ ስለ ጤፍ፥ ስለ ስንዴ፥ ስለ ገብስ፥ ስለ በቆሎና ስለ ማሽላ፥ መሬት ከማዘጋጀት አንሥቶ እስከ ጐተራ ድረስ ያለውን ምክር እንዲሰማ ኾኖ ተሠራ። የተደወለውም ጥሪ በሚሊዮን ተቈጠረ። በ2010 ቢጫ ዋግ በስንዴ አዝመራችን ላይ ወርዶ ብዙ እህል እንዳጠፋ አይዘነጋም። እንዲህ ባለ ጊዜ ማስጠንቀቂያው በወረቀት ተጽፎ በመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፥ ፊደል ላልቈጠረ ገበሬ ምን ይረባዋል? ድምፅ ግን ከእርሻው ዳር ድረስ ይሄድለታል።

ይሁን እንጂ ድምፅ መላሹ ከውጭ አገር ተገዝቶ እንዳለ የተተከለ እንደ ኾነ፥ በቤተ ሰብ ላይ ጕዳት ሊያመጣ ይችላል። መጀመሪያው ሰዓት ነው። ፈረንጆች 8 ሰዓት የሚሉት ጧት፥ በእኛ 2 ሰዓት ነው። ፕሮግራሙ ይህን ሳይለውጥ የሐኪም ቀጠሮ ለአንዲት እናት ቢነግራት፥ በጧት መድረስ የሚገባት ከቀትር በኋላ ደርሳ፥ የታመመ ልጅዋን እንዳዘለች ትመለሳለች። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ 13ኛዋን ወር ጳጉሜን የማያውቅ ፕሮግራም የእኛን ቀጠሮ ሊናገር አይገባውም።

ሁለተኛው የቍጥር አነባበብ ነው። ፕሮግራሙ ትልቁን ቍጥር የሚያነበው ቍርጥራጭ ድምፆችን በመቀጠል ነው። በአማርኛ 10 ብቻውን ሲነገር አሥር ይባላል፤ 15 ግን አሥራ አምስት ነው። አሥራ የሚለው ቃል ለብቻው ካልተቀረጸ፥ መኪናው አሥር አምስት ይላል፤ ሰሚውም 15 ብር ይኹን ወይም 10 እና 5 ሳይለየው ግራ ይገባዋል።

ሦስተኛው አክብሮት ነው። መኪናው የደዋዩን ዕድሜና ጾታ አያውቅም። ተጫን ቢል ሴቲቱን ያሳዝናል፥ ሽማግሌውንም ያስቀይማል፤ ይጫኑ ያለ እንደ ኾነ ግን ወንዱንም ሴቲቱንም ባንድ ቃል አክብሮ ይጠራል። ደግሞም ስለ ስንዴ ለመስማት 1ን ይጫኑ ማለት ይገባል። ጕዳዩ ቀድሞ ቍጥሩ ቢከተል፥ ሰሚው የፈለገውን ካወቀ በኋላ ቍጥሩን ይይዘዋል፤ ቍጥሩ ከቀደመ ግን ጕዳዩ እስኪነገር ድረስ ይረሳዋል። ይህን ኹሉ ሊያስተካክል የሚችለው የሕዝቡን ቋንቋና ልማድ የሚያውቅ ሰው ነውና፥ የፕሮግራሙ ሥራ ለእንዲህ ያለው ሰው መሰጠት አለበት።

ከኹሉ የሚብሰው ግን ዝምታ ነው። በማዞሪያውና በውጭው ፕሮግራም መካከል ያለው መስመር የተቋረጠ እንደ ኾነ፥ ማዞሪያው አስቀድሞ ካልታዘዘ ደዋዩን ያለ ድምፅ ያቆየዋል፤ ወይም መስመሩን ይዘጋበታል። እሳት የተነሣበት ወይም ምጥ የያዛት ሰው ያለበት ቤት ይህን ሊታገሥ አይችልም። ስለዚህ ፕሮግራሙ በጥቂት ሴኮንድ ያልመለሰ እንደ ኾነ ጥሪው ወደ ሰው እንዲዞር ማዞሪያውን አስቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል። መላሹ ደኅና በሚሠራበትም ጊዜ ቢኾን፥ ሰው ለማነጋገር የሚጫኑት አንድ ቍልፍ ሊኖርና እርሱም በግልጽ ሊነገር ይገባል።

በቤትም በኩል የሚደረግ ሥራ አለ። አባትና እናታቸው ማንበብ የማይችሉ ልጆች፥ የቍልፎቹን ስፍራ በእጃቸው ይዘው ያስተምሩዋቸው። በብዙ ስልክ ላይ በ5 ቍልፍ ጫፍ ትንሽ ጕብታ ስላለች፥ ዐይኑ የደከመም ሰው እርስዋን በጣቱ ዳስሶ የቀሩትን ከዚያ ይቈጥራል። ኮከብና መሰላል የሚባሉት ምልክቶችም ከታች በግራና በቀኝ እንደሚገኙ ያሳዩዋቸው። የምስጢር ቍጥርን ግን ራሳቸው ለደወሉበት ለታወቀው የባንካቸው መስመር ካልኾነ በቀር፥ ደውሎ ለሚጠይቃቸው ለማናቸውም ድምፅ እንዳይሰጡ አጥብቀው ያስጠንቅቋቸው፤ የተቀረጸ ድምፅ ማንም ሊያዘጋጀው ይችላልና።

የመሥሪያ ቤት ሹማምንት ደግሞ እንዲህ ያለ መስመር ከማስከፈታቸው በፊት በገዛ እጃቸው ደውለው ይሞክሩት፤ ከእነርሱም በኋላ አንዲት ባልቴት ትሞክረው። እርስዋ ሳትጨነቅ ጕዳይዋን ከፈጸመች መላሹ ለሕዝብ የተገባ ነው፤ ካልፈጸመች ግን የሚታረመው ፕሮግራሙ ነው እንጂ ባልቴቲቱ አይደለችም።