«አንገቴን» ስትለኝ ያልሰማኋት ሦስት ዓመት

ባለቤቴ በቀኝ ጆሮዋ ሥር፣ መንጋጋዋ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ያመኛል ማለት የጀመረችው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። የጎንደርን የሐምሌ ብርድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚለው እኔም «ብርድ መትቶሽ ነው፤ ጋቢውን ወደ አንገትሽ ሳብ አድርጊው» ብዬ አለፍኩት። ክረምቱ ወጣ፣ መስከረም ጠባ፤ ሕመሙ ግን አልወጣም። ራሷን ወደ ቀኝ ስታዞር ይወጋታል፤ ስታዛጋ ይወጋታል። ምራቋን ስትውጥ ጉሮሮዋ ውስጥ የዓሣ እሾህ የተሰካ ይመስላታል። ዓሣ ከበላን ግን ወራት አልፎን ነበር።

በመዘምራን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለች ሴት ናት። ከፍ ያለውን ዜማ ስትይዝ ሕመሙ ወደ ጆሮዋ እየተወረወረ አላዘምር ስላላት በመጀመሪያ ከልምምድ፣ ቀጥሎም ከአገልግሎት ቀረች። ቤት ውስጥ ደግሞ ማታ ማታ «አንገቴን» ትለኛለች። እብጠት የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ቀን ሥራዋን ስትሠራ ትውላለች። እውነቱን ልናገርና አላመንኳትም። በልቤ «ሰበብ ነው» አልኩ። አንድ ቀንም አፌ አምልጦኝ ተናገርኩት። ባለ ትዳር የሆናችሁ አንባቢያን፣ እንዲህ ያለ ቃል ባልና ሚስትን በአንድ አልጋ ላይ ምን ያህል እንደሚያራርቅ እኔ አልነግራችሁም።

ያንኳኳናቸው በሮች

በመጀመሪያ የሄድነው ጥርስ ሐኪም ቤት ነበር። ሕመሙ ከመንጋጋ ነው ተብሎ ሁለት የመንጋጋ ጥርሶቿ ተነቀሉ። ሁለቱም ደህና ጥርሶች እንደነበሩ በኋላ ነው ያወቅነው። ከዚያ ቶንሲል ነው ተባለና በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ወሰደች። ሌላው ሐኪም ጨጓራዋ አሲድ ወደ ላይ እየረጨ ጉሮሮዋን ያቆስለዋል አለ። የአንገት ራጅም ተነሣች፤ «ምንም የለም» የሚል ወረቀት ይዘን ተመለስን። ያ ወረቀት ለእኔ ጥርጣሬ ማስረጃ ሆነኝ፤ ለእሷ ግን ከሕመሙ የባሰ ነበር።

ለፋሲካ ዳባት ወደ እናቷ ቤት ወጣን። አማቴ ልጃቸው እንጀራ ስትውጥ ፊቷ ሲጨማደድ አይተው «ልጄ፣ እንጥልሽ ወርዶ ይሆናል፤ የሚቆርጥ ሰው አለ» አሏት። ይህን ያሉት በክፋት አይደለም፤ በደጋው አገር ጉሮሮ ያመመው ሕፃን ሁሉ እንጥሉ ሲቆረጥለት ያዩ እናት ናቸው። እንጥል መቁረጥ ግን ደም አፍስሶ የገደላቸው፣ ባልተቀቀለ ምላጭ ቴታነስና ሌላ በሽታ ያስገባባቸው ሕፃናት ብዙ ስለሆኑ በአገራችን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ተራ የተቆጠረ ነገር ነው። ባለቤቴ በዚህ በኩል ጽኑ ነበረች፤ «እማዬ፣ እሱን ተይው» ብላ ዘጋችው።

ወጌሻው ግን አሸነፉን። በአካባቢው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የስንቱን ወለምታ መልሰዋል። «ጅማትሽ ዞሯል» አሉና አንገቷን በቅቤ አሽተው በድንገት ወደ ቀኝ ጠመዘዙት። ዓይኗ ጨለመ፣ ጉልበቷ ከዳት፤ ተደግፋ ተቀመጠች። ላቧ በግንባሯ ሲወርድ ሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። ማንም ሰው ሰበብ ብሎ እንዲህ አይሆንም።

ስለ ጸሎቱም ልናገር። የቤት ለቤት ኅብረታችን ሳይታክት ጸልዮላታል፤ ይህን በምስጋና አስባለሁ። አንድ ወንድም ግን እጁን ከጫነባት በኋላ «እምነት ቢኖርሽ እስካሁን ትድኚ ነበር» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኅብረቱ ፊት ስለ አንገቷ አንድም ቃል አልተናገረችም። ሐኪሙን ሉቃስን በፍቅር የምናነሣ ሰዎች ነን፤ እኔም እዚያው ተቀምጬ ዝም አልኩ።

አንድ ጣት

በ2011 ዓ.ም. አንድ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ቀረብን። ወጣት ነው። የቀደሙትን ወረቀቶች ሳይከፍት «በአንድ ጣትዎ የሚያምዎትን ቦታ ያሳዩኝ» አላት። ጆሮዋ ሥር አሳየችው። ምን ስታደርግ እንደሚብስ ጠየቃት፤ ስትዞር፣ ስትውጥ፣ ስታዛጋ አለችው። ከዚያ ጓንት አጥልቆ ጣቱን አፏ ውስጥ አስገባና የቶንሲሉን ጉድጓድ በቀስታ ጫን አደረገው። ባለቤቴ ከወንበሩ ዘለለች። «እሱ ነው! እሱ ነው!» አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሕመሟን በእጁ የነካው ሰው አልነበረም።

እዚያው ቦታ ላይ ሊዶኬይን የሚባለውን ማደንዘዣ ጥቂት ወጋት። ደቂቃዎች ቆይተው አንገቷን አዞረች፤ ምራቋን ዋጠች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። የሚያስለቅሳት ሕመሙ አልነበረም። ሐኪሙ ማደንዘዣው ሲለቃት ሕመሙ እንደሚመለስ አስቀድሞ ነገራት፤ ማስታገሱ ግን ምርመራ ነው አላት፤ ጠላቱ የት እንደተደበቀ ያሳያል።

ቀጥሎ አጥንቱን በወረቀት ላይ ሣለልን። ከራስ ቅላችን ሥር፣ ከጆሮ በስተኋላና በታች፣ በግራም በቀኝም እንደ ወስፌ የሾለ ቀጭን አጥንት ወደ ታችና ወደ ፊት ይወርዳል። ስታይሎይድ ይባላል፤ ስሙ የጥንት ሰዎች ይጽፉበት ከነበረው ሹል ብዕር የመጣ ነው። ሦስት ትንንሽ ጡንቻዎች ከእሱ ይነሣሉ፤ አንዱ ወደ ምላስ፣ አንዱ ወደ ጉሮሮ፣ አንዱ ከምላስ ሥር ወዳለው አጥንት። ከጫፉም አንድ ጅማት ወደዚሁ አጥንት ይዘረጋል። የአብዛኛው ሰው ስታይሎይድ ከ2.5 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። በአንዳንዱ ሰው ግን ይረዝማል፣ ወይም ጅማቱ ራሱ እየጠነከረ አጥንት ይሆናል። በአካባቢው የሚያልፉት ደግሞ ቀላል ነገሮች አይደሉም፤ የጉሮሮና የምላስ ሥር ነርቭ፣ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው ትልቁ ደም ቅዳ፣ ከጀርባውም ደም መልሱ። የረዘመው ጫፍ ነርቭ ሲነካ እንደ እሾህ ይወጋል፤ ደም ቅዳውን ሲጫን ራስ ያዞራል፣ አንገት ሲጠመዘዝም ዓይን ሊያጨልም ይችላል። ያን ጊዜ እኔና ባለቤቴ ተያየን። ዳባትን አስታወስን።

በሽታው የኢግል ሕመም ይባላል። ኢግል ንስር ማለት ቢሆንም ከወፏ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ የሐኪም ስም ነው። ዋት ኢግል በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በዱክ ዩኒቨርሲቲ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ሁለት ሕሙማንን መሠረት አድርጎ ስለዚህ አጥንት ጻፈ። ጅማቱ አጥንት ሊሆን እንደሚችል በጣሊያን ፓዱዋ የነበረ ማርኬቲ የሚባል ሐኪም በ1652 ጠቅሶት ነበር፤ ከጉሮሮና ከአንገት ሕመም ጋር አያይዞ ለሐኪሞች መንገድ ያሳየው ግን ኢግል ነው። በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ 200 ያህል ሕሙማንን አየ። ብዙዎቹ ቶንሲላቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የጀመራቸው ናቸው፤ ጠባሳው አጥንቱ ላይ ሲጨማደድ ነርቩን ይይዘዋል ብሎ ያስብ ነበር። እንደ ባለቤቴ ቶንሲላቸው ያልተነካም አሉ።

አጥንቱ የሚረዝምበት ሰው ከመቶ አራት ያህል ነው ይባላል። ከእነዚህም ውስጥ የሚያማቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ ከመቶው ከአራት እስከ አሥር። ስለዚህ ራጅ ላይ ረጅም አጥንት መታየቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። ታሪኩ፣ ጣቱ፣ ማደንዘዣውና ሥዕሉ አንድ ላይ መመስከር አለባቸው። ከሥዕሎቹ ሙሉ መንጋጋውን በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ፓኖራሚክ የሚባለው የጥርስ ራጅ ብዙ ጊዜ ፍንጭ ይሰጣል፤ ርዝመቱንና አቅጣጫውን አጥርቶ የሚለካው ግን ሲቲ ስካን ነው። የባለቤቴ የቀኙ 41 ሚሊ ሜትር፣ የግራው 36 ሆኖ ተገኘ።

ለምን ይህን ያህል ዘገየ?

ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት በቀደሙት ሐኪሞች ላይ ተቆጥቼ ነበር። አሁን ጥርሶቹን ከነቀለው በስተቀር አልፈርድም። ጎንደር የሕክምና ችግር የማታውቅ ከተማ ባትሆንም ሐኪም የማፍራት ታሪኳ ረጅም ነው፤ በደምቢያ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እዚያ የተማሩ ሰዎች ለወባ፣ ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለወሊድ ተዘጋጅተው ወደየገጠሩ ወጡ። በደጋው አንገቱን ይዞ ለመጣ ሰው በመጀመሪያ እንቅርትን ወይም የእጢ ነቀርሳን ማሰብ ትክክል ነው፤ እነሱ ብዙ ናቸው። ከሺህ ሰው ሁለት ወይም አራት የሚይዘውን በሽታ ለማግኘት ቀድሞ የጠረጠረው ሐኪም ያስፈልጋል። ሐኪም እንዲጠረጥር ደግሞ ሕመምተኛው በደንብ መናገር አለበት፤ «አንገቴን ያመኛል» ከማለት ይልቅ «ወደ ቀኝ ስዞርና ስውጥ ጆሮዬ ሥር ይወጋኛል» ማለት ሌላ በር ይከፍታል።

ከደባርቅ ወይም ከስሜን ተራራ ግርጌ ለሚነሣ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከገጠር ቀበሌ እስከ ደባርቅ ደግሞ የግማሽ ቀን እግር መንገድ ያለበት ሞልቷል። ስለዚህ የምትመጡ ሰዎች የቀድሞ ራጆቻችሁን፣ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ካርቶን ሳይቀር ይዛችሁ ኑ። ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ማጻፍ አትርሱ፤ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም የሚገባበትን ቀን በስልክ ማስጠየቅም አንድ የአውቶቡስ ጉዞ ያተርፋል።

የአንገት ሕመም ሁሉ ግን ኢግል አይደለም፤ የማይጠብቁም አሉ። ትኩሳት ያለበትና አንገትን ያደረቀ ሕመም ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ያስኬዳል። አፍ መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል፣ ንግግር መያዝም እንዲሁ። ሳምንታት ያለፈው ጠጣር እብጠት፣ የማይለቅ የድምፅ መጎርነን፣ ምግብ መዋጥ እየከበደ መሄድና ያለ ምክንያት መክሳት ካንሰርን ወይም ነቀርሳን ለመመርመር ያስገድዳሉ።

ሕክምናው

በመጀመሪያ የተሰጣት አሚትሪፕቲሊን ነበር። ለነርቭ ሕመም በትንሽ መጠን ይሰጣል፤ ሆኖም ለድብርትም የሚታዘዝ መድኃኒት ስለሆነ አንዲት ዘመዳችን ብልቃጡን አይታ «አእምሮዋ ታሞ ነው» የሚል ወሬ አሠራጨች። ሌሎች ካርባማዜፒን ይታዘዝላቸዋል። ባልና ሚስት ይህን እወቁ፤ ካርባማዜፒን የወሊድ መከላከያ ክኒንንና በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማል፤ ለፅንስም አደጋ አለው። ልጅ ያሰባችሁ ከሆነ፣ ወይም እየተከላከላችሁ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለባችሁ፤ የጀመረችም በራሷ ፈቃድ በድንገት አታቁመው።

ስድስት ወር ሞከረችው። ሕመሙ ቀለል አለ እንጂ አልተወም። ከዚያ የቀረው ቀዶ ሕክምና ነበር። አጥንቱን በአፍ በኩል ማሳጠር ይቻላል፤ ጠባሳ አይታይም፣ ግን ሐኪሙ የሚያየው ቦታ ጠባብ ነው። በአንገት በኩል ሲሆን ደም ሥሮቹና ነርቮቹ በግልጽ ይታያሉ፤ በምትኩ ጠባሳ ይቀራል፣ የከንፈር ጥግ የሚያንቀሳቅሰውም ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ይህን ሁሉ ተቀምጠን ሰማን። «አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ምን እንዳልኩ ስለማስታውስ «አንገቱ ያንቺ ነው፤ የወሰንሽውን አብሬሽ እሆናለሁ» አልኳት። በአንገት በኩል እንዲሆን መረጠች። ለዚሁ አዲስ አበባ ወረድን፤ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የመንገዱን ገንዘብ ያዋጣው ያው የቤት ለቤት ኅብረታችን ነው። ያ ወንድምም አዋጥቷል።

ጠባሳዋ ከመንጋጋዋ ሥር ነው፤ ነጠላዋን ስታጣፋ አይታይም። የጆሮዋ ጫፍ ለብዙ ወራት ደንዝዞ ቆየ፤ አሁንም ብርድ ሲሆን ትንሽ ይደነዝዛታል። የሚወጋው ግን ቆሟል። ከቀዶ ሕክምናው አራት ወር በኋላ ወደ መዘምራን ተመለሰች። የግራው አጥንት እንዳለ ነው፤ ረጅም ቢሆንም አያማትም፤ ሐኪሙም የማያመውን አንነካም ብሎ ትቶታል።