በአንድ ጨዋታ መበላት፦ ከውርርድ ጉዳት የሚጠብቁ ሦስት ገደቦች

ቅዳሜ ማታ አሥር ጨዋታ ይዞ ቲኬት የቆረጠ ወጣት ዘጠኙ ገብተውለት አሥረኛው በጭማሪ ደቂቃ ሲበላሽበት ምን እንደሚል የታወቀ ነው፤ «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ!» ይላል። ብሩ ቢሄድም ለትንሽ እንዳመለጠው ስለሚሰማው በማግስቱ ሌላ ቲኬት ይቆርጣል።

ስሌቱ የሚያሳየው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ግምት የመግባት ዕድሉ 60 በመቶ ነው እንበል። ከ1,000 ቲኬቶች አሥሩም ጨዋታ የሚገባላቸው 6 ያህሉ ብቻ ናቸው። በአንድ ጨዋታ ብቻ የሚበላሹት ደግሞ 40 ገደማ ይሆናሉ። ለጥቂት መበላት ከማሸነፍ ወደ ሰባት እጥፍ የሚጠጋው ተጫዋቹ ግምት እየቻለበት ስለመጣ አይደለም፤ የረጅም ቲኬት ባሕርይ ስለሆነ ነው። አቋማሪው ድርጅትም ከየጨዋታው ኦድ (የተያዘው ብር ከሚባዛበት ቁጥር) ላይ ድርሻውን አስቀድሞ ይቀንሳል። ቅናሹ 5 በመቶ ቢሆን፣ አንድ ጨዋታ ላይ ከተያዘ 100 ብር በአማካይ 95 ብር ይመለሳል። አሥር ጨዋታ ሲደራረብ ግን ቅናሹም አብሮ ስለሚባዛ ተመላሹ ወደ 60 ብር ይወርዳል።

አንጎላችንም ለዚህ ወጥመድ የተመቸ ነው። ሉክ ክላርክ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን በኤምአርአይ የአንጎል ምስል ማንሻ ውስጥ ሆነው የቁማር ማሽን አጫወቷቸው። ለጥቂት ሲስቱ፣ ሲያሸንፉ የሚነቃቁት የአንጎል ክፍሎች ተነቃቁ። ተጫዋቾቹ ለጥቂት መሳት እንደሚያናድድ ቢናገሩም፣ የሚጫወቱበትን የማሽኑን ምልክት ራሳቸው መርጠው በነበረ ጊዜ እንደገና የመጫወት ፍላጎታቸው ጨመረ። የሚያሸንፈውን ቡድን ራሱ የሚመርጥ ተወራራጅም ከዚህ የራቀ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች ምደባ የቁማር ሱስን ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ክፍል ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ የጤና ባለሙያዎች ምን ይመክራሉ? በካናዳ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው መመሪያ፣ ከስምንት አገሮች የተሰበሰበ ከ60,000 በላይ የሚሆኑ ሰዎች መረጃ ከተመረመረ በኋላ፣ ሦስት ገደቦችን አስቀመጠ። አንደኛ፣ በወር ለውርርድ የሚወጣው ገንዘብ ግብር ሳይቆረጥ ከሚታሰበው የቤተሰብ ገቢ 1 በመቶ አይለፍ። በወር 20,000 ብር የሚያስገባ ቤተሰብ ጣሪያው 200 ብር ነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በወር ከ4 ቀን በላይ አትጫወቱ። ሦስተኛ፣ ከሁለት ዓይነት በላይ ጨዋታ አታዘውትሩ፤ እግር ኳስ፣ አቪዬተር የተባለው የቁማር ጨዋታና ሎተሪ በአንድነት ሲሆኑ ገደቡ ታልፏል። ሦስቱም በአንድ ላይ ካልተጠበቁ ጥቅማቸው ይቀንሳል።

ገደቦቹ ለሁሉም አይሠሩም። ጭንቀት ወይም ድብርት ያለበት፣ መጠጥ ወይም ዕፅ ያስቸገረው፣ እሱ ወይም ቤተሰቡ ቀድሞ በቁማር የተጎዳ ሰው ከዚህም ባነሰ ቢጫወት ወይም ከነጭራሹ ቢተው ይመረጣል። የተበላውን ለማስመለስ መበደር፣ የቤት ኪራዩን ማስያዝ፣ ከትዳር ጓደኛ መደበቅ ከጀመረ ደግሞ ነገሩ ከገደብ አልፏል፤ ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል መሄድ ይገባል። አስተሳሰብንና ልማድን ለመለወጥ የሚሰጥ የምክክር ሕክምና ብዙዎችን ረድቷል። ቤተሰብም ዕዳውን ለመክፈል ጥሬ ገንዘብ እጁ ላይ ባያደርግለት፣ ይልቁንም ደመወዙን ለጊዜው የሚያምነው ሰው ቢይዝለት ይሻላል። ራሱን ስለማጥፋት ካወራ ግን ብቻውን አይተው፤ በአፋጣኝ ለሕክምና ይወሰድ።

ሸክሙን ሁሉ በተጫዋቹ ላይ መጣል ግን ፍትሕ አይደለም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2019 በውርርድ ቤቶች ማሽን ላይ በአንድ ጊዜ የሚያዘውን ከፍተኛ ገንዘብ ከ100 ፓውንድ ወደ 2 ፓውንድ አወረደች፤ በዓመቱ በክሬዲት ካርድ መቆመርን ከለከለች። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2007 የቁማር ማሽኖችን ከየሱቁ አነሳች። ዛሬ ውርርዱ ስልክ ላይ ነው፤ በመበላትና እንደገና በማስያዝ መካከል ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያች ሰከንድ ከተናደደ ሰው ብልህ ውሳኔ ከመጠበቅ፣ የወሩን ጣሪያ ሒሳቡ ሲከፈት ጀምሮ እንዲያስሞላ መተግበሪያውን በሕግ ማስገደድ ይቀላል።