የትኛውን ታብሌት እንግዛ?

ታብሌት ሊገዛ የወጣ ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ ነው። «12 ጂቢ ራም» ይላል በትልቁ፤ ጠጋ ብሎ ላነበበው ግን ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «4+8» የሚል አለ። እውነተኛው ራም 4 ነው። ቀሪው 8 ታብሌቱ ሥራ ሲበዛበት ከስቶሬጁ የሚበደረው ቦታ ነው፤ ስቶሬጅ ደግሞ ከራም እጅግ የዘገየ በመሆኑ ብድሩ ብዙ አያራምድም። በደቃቁም ቢሆን ተጽፏልና ውሸት ነው አይባልም። ደምሮ የጻፈው ሰው ግን ገዢው የትኛውን ቁጥር እንደሚያይ አሳምሮ ያውቃል።

ምርጫውን ያበዛው አንድሮይድ የአንድ አምራች ዕቃ አለመሆኑ ነው። ሶፍትዌሩን ጎግል ይሠራል፤ ሳምሰንግ፣ ሌኖቮ፣ ሻዎሚና ሌሎችም እንደየፍላጎታቸው አስተካክለው በየዕቃቸው ላይ ይጭኑታል። ሳምሰንግ በ2010 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ጋላክሲ ታብ ሲያወጣ የጫነበት የስልኩን አንድሮይድ ነበር። ለታብሌት ታስቦ የተሠራው አንድሮይድ 3.0 የመጣው በ2011 ከሞቶሮላ ዙም ጋር ነው። ዙም ገበያው ላይ አልቀናውም፤ እኛ አገር ግን ታሪክ አለው። «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት ይህንኑ ታብሌት እንደታሸገ ወስዶ፣ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ያለ አስተማሪ፣ ያለ መመሪያ ሰጥቷቸው ነበር። ባትሪው የሚሞላው በፀሐይ ኃይል ነበር። በ2012 እንደተዘገበው ልጆቹ ካርቶኑን ከፍተው ማብሪያውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ወራት ሲቆጠሩ ደግሞ አዋቂዎቹ የዘጉትን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። «ልጄ ይከብደዋል» ለሚል ወላጅ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

አሁን ወደ ገበያው። በመካከለኛ ዋጋ ጎን ለጎን ከሚቀርቡት መካከል ሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ9 ፕላስ፣ ሻዎሚ ሬድሚ ፓድ ኤስኢ እና ሌኖቮ ታብ ኤም11 አሉ። በስክሪን አይበላለጡም ማለት ይቻላል፤ ሦስቱም 11 ኢንች፣ ሦስቱም 1920 በ1200፣ ሦስቱም በሰከንድ እስከ 90 ጊዜ የሚታደሱ ናቸው። ልዩነታቸው ከውስጥ ነው። ሳምሰንጉ የያዘው ስናፕድራገን 695 ፕሮሰሰር ከሬድሚው 680ም ሆነ ከሌኖቮው ሄሊዮ ጂ88 ይፈጥናል፤ ጌም የሚወድ ልጅ በቀላሉ ይለየዋል።

በባትሪ ግን ሬድሚው ይመራል፤ የእሱ 8000፣ የሁለቱ 7040 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሬድሚው ኃይል የሚቀበለው በ10 ዋት ብቻ ነው። 8000 ሚሊአምፔር ሰዓት ማለት ወደ 31 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ምንም ሳይባክን እንኳ ባዶውን ለመሙላት ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። መብራት መጣ ሄደ በሚልበት ሰፈር ለሚኖር ሰው፣ በ15 ዋት የሚሞላው አነስተኛ ባትሪ ከትልቁ ሊሻለው ይችላል። ሬድሚው ጂፒኤስም የለውም። መኪና ውስጥ ካርታ ሊያይበት ያሰበ ሰው ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከገዛ በኋላ ነው።

እኔ ከሦስቱ ሳምሰንጉን እመርጣለሁ፤ ባለ 8 ጂቢ ራሙንና ባለ 128 ስቶሬጁን ማለቴ ነው። ባለ 4/64ውን አልነካውም። ከ64ቱ ጥቂት የማይባለውን አንድሮይዱ ራሱና አብረው የሚመጡት አፖች ይይዙታል፤ ሜሞሪ ካርድ ደግሞ ፊልምና ፎቶ ቢሸከምም አፕ በአብዛኛው አይሸከምም። ነገር ግን በእጅ ጽሑፍ ማስታወሻ የሚይዝ ተማሪ ምርጫዬን ባይከተል ይሻለዋል፤ ኤ9 ፕላስ የሳምሰንግን ኤስ ፔን አይቀበልም። ሌኖቮው ለእሱ የተሠራውን ብዕር ይቀበላል። አቅሙ ለፈቀደ ደግሞ ጋላክሲ ታብ ኤስ9 ኤፍኢ ብዕሩ ከካርቶኑ ውስጥ ይመጣል፤ ውኃም አይፈራም።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው የአማዞን ፋየር ታብሌት የራሱ ጉዳይ አለው። አማዞን ከ2011 ጀምሮ ሲያወጣው የኖረ፣ ዋጋው ረከስ ያለ፣ ለመጽሐፍና ለፊልም የሚበቃ ዕቃ ነው። የተሠራው ከአንድሮይድ ቢሆንም ከሱቅ ሲወጣ ጎግል ፕሌይ የለበትም። ስለዚህ አዲስ አበባ ደርሶ ሲከፈት ቴሌብርም፣ የባንክ አፕም፣ ብዙዎች የለመዱት የጎግል ኪቦርድም እንደወትሮው ተፈልገው አይገኙም። እጁ የፈታ ጎረምሳ ጎግል ፕሌይን በጓሮ በር ያስገባበታል፤ እናት ግን እሱን ፍለጋ ልትሄድ ነው። ረከስ ያለበት አንዱ ምክንያትም ስክሪኑ ተቆልፎ ሳለ ማስታወቂያ ማሳየቱ ነው፤ ያለማስታወቂያ የሚፈልግ ጨምሮ ይከፍላል። ላኪው ጥቂት ጨምሮ ጎግል ፕሌይ ያለውን ቢገዛ የስልክ ላይ ትምህርቱ ይቀርለታል።

ሱቅ ውስጥ ብር ከመቁጠርዎ በፊት ዕቃውን አስከፍተው ዋይፋይ ያስገናኙት። ስክሪኑን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ይዩት፤ ቀለሙ ከጠቆረ ወይም ከተገለበጠ ርካሽ ስክሪን ነው። ኪቦርዱን አውጥተው ሁለት ሦስት መስመር አማርኛ ይጻፉበት፤ ጣትዎን ተከትሎ የማይመጣ ከሆነ ነገም አይመጣም። ኔትፍሊክስ የሚያዩ ከሆነ ዋይድቫይን ኤል1 የሚባለው የቪዲዮ ጥበቃ ደረጃ እንዳለው ይጠይቁ፤ ኤል3 ብቻ ከሆነ የስክሪኑ ጥራት ምንም ይሁን ፊልሙ በዝቅተኛ ጥራት ነው የሚመጣው። በመጨረሻ ፕሌይ ስቶርን ከፍተው ወደ ሴቲንግ፣ ከዚያ ወደ «አባውት» ይግቡና ከታች ስለ ፕሌይ ፕሮቴክት የተጻፈውን ያንብቡ። ዕቃው በጎግል ያልተረጋገጠ ነው ካለ፣ ካርቶኑ ላይ የማንም ስም ይጻፍ፣ ለባለሱቁ ይመልሱለት።