«ጠቋሚ»፣ «አመልካች»፣ «ዳሳሽ»፦ ስለ ሦስት የሕክምና ስያሜዎች

«ሴንሰር» እና «ማርከር» የተባሉት ባዕድ ቃላት ሁለቱም «ጠቋሚ» ተብለው ሲተረጎሙ ይታያል። በአንድ ጽሑፍ እስካልተገናኙ ድረስ ጉዳቱ አይጎላም። በደም ውስጥ የሚገኙ የካንሰር ማርከሮችን ስለሚለኩ ኤሌክትሮኬሚካዊ ባዮሴንሰሮች ሲጻፍ ግን ለኪውና ተለኪው በአንድ ስም ይጠራሉ፤ «ጠቋሚው ጠቋሚውን ለየ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይወለዳል።

ስያሜ ከመስጠት በፊት አሠራሩን መረዳት ይገባል። የፕሮስቴት ዕጢ የሚያመነጨውን ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለ ፕሮቲን እንውሰድ። ይህን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በብረት ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶች ላይ ይለጠፋል። ቅንጣቶቹ ከደም ናሙና ውስጥ ፕሮቲኑን ይይዛሉ፤ በማግኔት ተስበው ይታጠባሉ፤ ኢንዛይም የተሸከመ ሁለተኛ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመርባቸዋል። በመጨረሻም በኤሌክትሮድ ላይ ሲያርፉ ኢንዛይሙ የሚያስነሣው ኬሚካዊ ለውጥ በኤሌክትሪክ ፍሰት መልክ ይለካል።

«ዳሰሰ» ነክቶ ማወቅን ስለሚገልጽ ለሴንሰር «ዳሳሽ» ይስማማል። ባዮሴንሰርን «ሕያው ዳሳሽ» ማለት ግን አያስኬድም፤ መሣሪያው ነፍስ የለውም። «ባዮ» የተባለው የሚለየው ክፍል ከሕያዋን የተገኘ ኢንዛይም ወይም ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነ ነው፤ ክላርክና ላየንስ እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረቡት የግሉኮስ መለኪያም በኢንዛይም የሚሠራ ነበር። ቢረዝምም «ሥነ ሕይወታዊ ዳሳሽ» ይሻላል። «ናኖ» እንዳለ ይቆይ፤ «ደቂቅ» በ«ደቂቅ ዘአካላት» አስቀድሞ ለማይክሮ ተይዟልና።

ቅንጣቶቹን «ጥቃቅን ማግኔቶች» የሚል ተርጓሚም አንባቢውን ያሳስታል። ማግኔት ሲቀርባቸው ይሳባሉ፤ ሲርቃቸው መግነጢሳዊነታቸው ይጠፋል። ባይጠፋ ኖሮ እርስ በርሳቸው ተሳስበው በተጓጎሉ ነበር። «መግነጢሳዊ ናኖ ቅንጣት» ይበቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ማርከር ነው። «ምልክት» እንዳይባል ሐኪሞች በሽተኛው ለሚሰማው ሕመም ይገለገሉበታል። «ጠቋሚ» ደግሞ በተራ ንግግር ወንጀለኛን አጋልጦ የሚሰጥ ሰው ነው፤ ቃሉ ፍርድ ያዘለ ነው። ፒ.ኤስ.ኤ. ግን ካንሰር በሌለበትም፣ በዕጢው መተለቅ ወይም መቆጣት ብቻ፣ ከፍ ሊል ይችላል። «አመልካች» በፍርድ ቤት አቤቱታ አቅራቢ ማለት መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ችሎትና ላቦራቶሪ የሚምታቱበት አጋጣሚ እምብዛም የለም። እንግዲህ የምርመራ ውጤት የሚተረጉም ሰው «የካንሰር ጠቋሚ ተገኝቶብዎታል» ብሎ ከሚጽፍ «ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለው አመልካች መጠኑ ከፍ ብሏል፤ ምክንያቱ በተጨማሪ ምርመራ ይለያል» ብሎ ቢጽፍ ለዋናው ጽሑፍም ለበሽተኛውም የታመነ ይሆናል።