ሳይሸመድዱ የሚማሩት ቃል፤ የንባብ ስሌት

አንድ የሜካኒክስ የፈተና ጥያቄ «ስሙዝ» በሆነ ወለል ላይ ስለሚንሸራተት አካል ይናገራል እንበል። ቃሉ በጥያቄው ውስጥ የገባው ሰበቃ የለም ለማለት ነው። የኒውተንን ሕግጋት ጠንቅቆ የሚያውቅ ተማሪ ይህችን አንዲት ቃል ካላወቀ፣ የሌለ ሰበቃ ሲያሰላ ሰዓቱ ያልቃል። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ እንደመሆኑ መጠን፣ በፊዚክስ ደካማ ከሚባሉት ተማሪዎች ቀላል የማይባሉት የሚሰናከሉት በቀመሮቹ ሳይሆን በቀመሮቹ መካከል ባሉት ተራ ቃላት እንደሆነ አምናለሁ።

የተለመደው መፍትሔ የታወቀ ነው፤ ቃላትን ከነትርጉማቸው በደብተር ደርድሮ መሸምደድ። የዚህን መንገድ ጥቅም አልክድም። ሌላው መንገድ ግን ሳያስቡት፣ ታሪክ እየተከታተሉ መማር ነው። የአማርኛ አንባቢ ይህን ከራሱ ያውቀዋል። ከተማ ተወልዶ ያደገ ወጣት በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲያነብ ብዙ የገጠር ኑሮ ቃላት ይገጥሙታል፤ ለእያንዳንዱ መዝገበ ቃላት አይገልጥም፤ ሆኖም መጽሐፉን ሲዘጋ ከቃላቱ አንዳንዶቹ አብረውት ይቀራሉ። ለመሆኑ ምን ያህሉ ይቀራሉ? ይህ በቁጥር ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ሳራጊ፣ ኔሽን እና ማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ብልሃት የተሞላበት ሙከራ አሳተሙ። የተጠቀሙት በ1962 የወጣውን የአንቶኒ በርጀስን «ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ» የተሰኘ ልብወለድ ነበር። ደራሲው ለወጣት ገጸ ባሕርያቱ አብዛኛውን ከራሽያኛ ያመጣውን ልዩ ቋንቋ ፈጥሮላቸዋል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ አንባብያን መጽሐፉን እንዲያነቡ ተደረገ፤ ከቀናት በኋላም ባልጠበቁት ሁኔታ በ90 ቃላት ተፈተኑ። አማካይ ውጤታቸው 76 በመቶ ነበር። የፈጠራ ቃላቱ በመጽሐፉ ውስጥ በአማካይ 15 ጊዜ ያህል ይደጋገማሉ። እርግጥ ፈተናው በምርጫ የሚመለስ ነበር፤ አንባብያኑም ከእነዚህ ቃላት በቀር ሌላውን ሁሉ ያውቁ ነበር። ይህን ሁለተኛውን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቃሉ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያጋጥምስ? ዊሊያም ናጂ እና የሥራ ባልደረቦቹ በአሜሪካ ተማሪዎች ላይ አጥንተው በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምት፣ አንድን የማይታወቅ ቃል በአንድ ግጥሚያ ብቻ የመማር ዕድል ከ20 አንድ ያህል ነው። ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስላል። ነገር ግን ራዲዮአክቲቭ አተምን የሚያውቅ ተማሪ ከዚህ ላይ ማቆም የለበትም። አንድ ቃል በአንድ ግጥሚያ ሳይታወቅ የመቅረቱ ዕድል 0.95 ነው። በሁለት ግጥሚያ 0.95 በ0.95 ይባዛል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ከ14 ግጥሚያ በኋላ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ማለትም ከ100 እንግዳ ቃላት 51 ያህሉ ታውቀዋል። የእንግዳ ቃል «ግማሽ ዕድሜ» 14 ግጥሚያ ነው ማለት ነው። ከ100ው 90ውን ለማወቅ 45 ግጥሚያ ያስፈልጋል። (አተም ያለፈውን አያስታውስም፤ አንባቢ ግን ያስታውሳል፣ ይረሳልም። ስለዚህ ስሌቱ ሻካራ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም።)

14 ጊዜ ለመገናኘት ስንት ገጽ ማንበብ ይጠይቃል? እዚህ ላይ የአሜሪካዊው የጆርጅ ዚፍ ሕግ ይረዳናል። በዚህ ሕግ መሠረት ቃላትን በድግግሞሻቸው ብንደረድራቸው፣ የአንድ ቃል ድግግሞሽ ከተራ ቁጥሩ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። በ1961 በአሜሪካ ከታተሙ ጽሑፎች በተውጣጣው፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ቃላት በያዘው የብራውን ዩኒቨርሲቲ ስብስብ ውስጥ አንደኛው ቃል «ዘ» 70,000 ጊዜ ያህል ይገኛል። እንግዲህ 5,000ኛው ቃል 70,000 ለ5,000 ሲካፈል 14 ጊዜ ይገኛል ማለት ነው። ቁጥሮቹ መገጣጠማቸው አጋጣሚ ቢሆንም ለእኛ ምቹ ነው፤ እዚህ ደረጃ ላይ ካሉት ቃላት ግማሹን ለመማር አንድ ሚሊዮን ቃላት ማንበብ ያስፈልጋል። በገጽ 300 ቃላት ብንወስድ 3,300 ገጽ ገደማ ይሆናል። በቀን 10 ገጽ የሚያነብ ተማሪ በ11 ወር ይጨርሰዋል።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን አንባቢው የሚያነበውን እንደሚረዳ አድርጎ ይነሳል። ሁ እና ኔሽን በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከአንድ ታሪክ ቃላት 80 በመቶውን ብቻ ከሚያውቁት አንባብያን በቂ ግንዛቤ ያገኘ አልነበረም። አብዛኛው አንባቢ ያለ እርዳታ እንዲረዳ 98 በመቶውን ማወቅ እንዳለበት ደመደሙ። በ300 ቃላት ገጽ ላይ ይህ 6 እንግዳ ቃላት ማለት ነው። 80 በመቶው ግን 60 እንግዳ ቃላት ነው፤ በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ እንግዳው ቃል የሚገመተው በሌላ እንግዳ ቃል ነው፣ ማለትም አይገመትም። የብዙ ተማሪዎቻችን የመማሪያ መጽሐፍ ከዚህ ወገን እንዳይሆን እሰጋለሁ። ስለዚህ ቃል ለመማር የሚነበበው ከባዱ መጽሐፍ ሳይሆን ቀላሉ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የልጆች ተረት በእንግሊዝኛ ሲያነብ ቢታይ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። በፊጂ ገጠር ትምህርት ቤቶች ኤሊ እና ማንጉባይ ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች 250 ያህል የእንግሊዝኛ የታሪክ መጻሕፍት በየክፍሉ አቅርበው ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. እንደዘገቡት፣ የእነዚህ ልጆች የማንበብና አዳምጦ የመረዳት ችሎታ ከሌሎቹ ወደ እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት አድጓል።

በአንድ ርእስ ላይ ደጋግሞ ማንበብም ግጥሚያን ያፋጥናል። ስለ ፕላኔቶች የተጻፉ ሦስት ቀላል መጻሕፍትን በተከታታይ ያነበበ ሰው «ኦርቢት» የሚለውን ቃል ለማግኘት ሚሊዮን ቃላት አይጠብቅም።

ንባብ የማያስተምራቸው ቃላትም አሉ፤ እነርሱም የሳይንስ ስያሜዎች ናቸው። «ወርክ» የሚለውን ቃል በልብወለድ ውስጥ 45 ጊዜ ማግኘት ለፊዚክስ ፈተና አይጠቅምም፤ እንዲያውም ሊያሳስት ይችላል። ይህ ከትርጓሜው፣ በእርሳስና በወረቀት የሚጠና ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ በትከሻው ተሸክሞ የመጋዘኑ በር እስኪከፈት ቆሞ የሚጠብቅ ወዛደር በልብወለዱ ቋንቋ ከባድ ሥራ ላይ ነው፤ በፊዚክስ ቋንቋ ግን በጆንያው ላይ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው።