መፍቻው የተጻፈለት ቦንድ

ጋምቤላ ክልል፣ አቦቦ ወረዳ፣ አልዌሮ ግድብ ላይ ቆማችሁ «ቦንድ» ብትሉ የሰሚው ሐሳብ እንደ ሙያው ይለያያል። መሐንዲሱ ፌሮና ኮንክሪት፣ ተቋራጩ ባንክ፣ መምህሩ ከደሞዙ የተቆረጠው ብር ይታወሰዋል። ቀልደኛው ደግሞ «ጄምስ ቦንድ» የምንለውን ባለቁልፍ ቦርሳ ያነሳል። እኔ ጋምቤላ ከተማ የጨረታ ሰነድ እያዘጋጀሁ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ሥራዬ አንድ ጥያቄ አስለምዶኛል፦ ይህ የታሰረ ነገር በምን ይፈታል?

ከግንባታው እንጀምር። ኮንክሪት ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። መሳቡን የሚሸከምለት ፌሮ ነው። ለዚህም ሁለቱ አጥብቀው መያያዝ አለባቸው፤ ይህን መያያዝ ነው መሐንዲሶች ቦንድ የሚሉት። ፌሮው ሸንተረር የወጣለትም ለዚሁ ነው፤ ዘይት ወይም ጭቃ ከነካው ኮንክሪቱ በደንብ አይዘውም። በአፈር ግድብ ሥራም የተጠቀጠቀውን ንጣፍ ሳይጭሩና ሳያረጥቡ ሌላ ቢደርቡበት ውሃ በመሃል መንገድ ያገኛል። ይህኛው ቦንድ ከቶ እንዳይፈታ ተብሎ የሚሠራ ነው።

የእኛ የሰነድ ሰዎች ቦንድ ግን ቀን አለው። ተጫራች «ቢድ ቦንድ» የሚያስይዘው ካሸነፈ በኋላ ውል አልፈርምም ብሎ እንዳይሸሽ ነው፤ ለተሸነፉት ይመለሳል። አሸናፊው በምትኩ የውል ማስከበሪያ ያመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከወሰደም ለእሱ ሌላ ዋስትና ያቀርባል። ጀማሪ ተቋራጮች ዋጋ ሲያሰሉ ያመሻሉ፤ ዋስትናው የሚያበቃበትን ቀን ግን አያዩትም። ጨረታው ሲራዘም ቀኑ ያለፈበት ወረቀት ይዞ መገኘት ከውድድር ያስወጣል።

መንግሥትም ቦንድ ይሸጣል፤ እዚህ ላይ ተበዳሪው እሱ ነው። የህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ከተቀመጠ በኋላ ብዙ ሠራተኛ የወር ደሞዙን ከፋፍሎ ቦንድ ገዛ። ሰዉ ሁሉንም «መዋጮ» ይለዋል። በርግጥ በልገሳ የሰጠ አለ፤ ቦንድ የገዛ ሰው ግን አበዳሪ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት አለው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል፤ የምስክር ወረቀታችሁ ሣጥን ውስጥ ከተረሳ ፈልጉት። የውጭ አበዳሪዎች አይረሱም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም በዓለም ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጦ ነበር፤ ዘመኑ 10 ዓመት፣ ወለዱ 6.625 በመቶ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ሲቀር ኢትዮጵያ ግዴታቸውን ካልተወጡ አገሮች ተቆጠረች።

ባንክ ሳይኖርም ሰው በዋስትና ይተሳሰራል። እዚሁ ጋምቤላ አኙዋኮች ለጥሎሽ ዲሙይ የሚባል ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ ይሰጡ ነበር። የሙሽራው ወገን የሰጠውን ዲሙይ የሙሽሪት ወንድም ይዞ የራሱን ሚስት ያገባበታል። ትዳሩ ከፈረሰ ዲሙዩ ይጠየቃል፤ ስለዚህ የአንዱ ቤት ፍቺ የሌላውንም ቤት ያናጋል። በኑዌሮች ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው ከብት ነው። ዛሬ ዲሙይ እየጠፋ ብር ተተክቶበታል።

ጋምቤላን ከሁሉ በላይ ያሰረው ግን አፄ ምኒልክና እንግሊዝ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም የተፈራረሙት ውል ነው። በእሱ መሠረት ባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተከራየ፤ ዘመኑም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ተባለ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም ነፃ ስትወጣ ኪራዩ በራሱ ቃል አበቃ፤ ጣቢያውም ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

እዚያው ውል ውስጥ ግን የጥቁር ዓባይን፣ የጣናንና የሶባት ወንዝን ውሃ የሚያስቆም ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ አለ። ለዚህ ማብቂያ አልተጻፈለትም። አልዌሮ ደግሞ ውሃው የሚሄደው ወደ ሶባት ነው። የሕግና የታሪክ ሰዎች የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቃል ስለመለያየቱ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ክርክሩ ሳይቋጭ ደርግ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ አልዌሮን ገደበ፤ ቆይቶም ሳዑዲ ስታር የተባለ ኩባንያ በመስኖው ሩዝ ሊያመርት 10,000 ሄክታር ተከራየ።

አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ቋጠሮ ነበር። መፍቻው የተጻፈለት በጊዜው ተፈታ፤ ያልተጻፈለት ከመቶ ዓመት በኋላም ያጨቃጭቃል። እናንተም ዋስ ስትሆኑ፣ ቦንድ ስትገዙ ወይም መሬት ስታከራዩ፣ ከብሩ መጠን በፊት የሚያበቃበትን አንቀጽ አንብቡ። ከሌለ ሳይጻፍ አትፈርሙ።